አሮጌ የኤንቪዲያ ካርድ በሊኑክስ ላይ፦ ድራይቨሩና ከርነሉ እንዳይጣሉ

ደብረ ብርሃን ላይ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቶ ሊኑክስ የሚጭን ሰው መጀመሪያ የግራፊክስ ካርዱን ትውልድ ይለይ። ተርሚናል ላይ የኤልኤስፒሲአይ (lspci) ትዕዛዝ ሞዴሉን ያሳያል። ጂፎርስ 8፣ 9፣ 200 እና 300 የሚፈልጉት ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) ስሪት 340 ነው፤ 400 እና 500 ደግሞ 390፤ የኬፕለር ቺፕ ያላቸው 600 እና 700 ግን 470።

ጣጣው የሚመጣው ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) ሲታደስ ነው። ኤንቪዲያ 390ን መደገፍ ያቆመው በ2022 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ነው፤ ከርነሉ ግን መለወጡን አላቆመም። በእያንዳንዱ እድሳት ዲኬኤምኤስ (DKMS) የተባለው መሣሪያ የድራይቨሩን ሞጁል (ከርነሉ ላይ የሚጫነውን ክፍል) ለአዲሱ ከርነል እንደገና ኮምፓይል ያደርጋል። የከርነሉ ሄደር ፓኬጅ (ለኮምፓይሉ የሚያስፈልጉ ፋይሎች) ካልተጫነ ወይም ከርነሉ ለድራይቨሩ በጣም አዲስ ከሆነ ሥራው ይከሽፋል፣ በሚቀጥለው ማስነሻ ጥቁር ስክሪን ይጠብቃል። ያኔ ሊኑክስን ዳግም መጫን አያስፈልግም፦ ከግራብ (ሲነሳ ከርነል የሚያስመርጥ ፕሮግራም) ዝርዝር የቀድሞውን ከርነል መርጦ ማስነሳት ነው።

ለ390 የኛ ምክር ኡቡንቱ 22.04 ከ5.15 ከርነል ጋር ነው። የዴስክቶፑ እትም በራሱ ወደ አዲስ ከርነል ስለሚያልፍ መደበኛውን የጄነሪክ ፓኬጅ (linux-generic) ጭኖ አዲሱን ከርነል ማስወገድ ያሻል። በመለያ ሲገቡም ከሁለቱ የስክሪን ማሳያ ሥርዓቶች ዌይላንድን ትቶ ኤክስ ኦርግን መምረጥ ግድ ነው። ሴኪዩር ቡት (ሲነሳ የፕሮግራሞችን ዲጂታል ፊርማ የሚፈትሽ ጥበቃ) ከበራ ያልተፈረመ ሞጁል አይጫንም።

መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት እድሳት አይጀመር፤ መሃል ላይ ከጠፋ ፓኬጁ ግማሽ ተጭኖ ይቀራል።

አሮጌ ራዴዮን (የኤኤምዲ ካርድ) ላለው ሰው ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፤ ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ አለ፣ የፈርምዌር (ካርዱ ራሱ የሚሠራበት ፕሮግራም) ፓኬጁ ብቻ ይጫን።