ማን እንደበላ አትንገሪኝ

ኮምቦልቻ ያለው የአጎቴ ልጅ በፖከር እኔን በጣም ነው የሚያስከነዳኝ፣ ሰሞኑን ታዲያ ኦንላይን የተጫወትኳቸውን ዙሮች በቴሌግራም እየላኩለት አስተያየቱን እጠይቀዋለሁ (በነፃ ቺፕስ፣ ማለትም በውሸት ብር ነው የምጫወተው፣ የእውነት ብር የሚባል የለበትም፣ እማዬ ይሄን ካየሽው)። ገና ከመጀመሪያው ምን አለኝ፣ "ማን እንደበላ አትንገሪኝ"። ስክሪንሹቱንም መጨረሻው ሳይታይ ነው የሚፈልገው። ወላሂ ደብሮኝ ነበር፣ እኔ እኮ ግማሹን የምልክለት እንዲያዝንልኝ ነው።

ሰፈር ኮንከር ስንጫወት የበላ ጎበዝ ነው የተበላ ደደብ ነው፣ አለቀ። እዚህ ደሴ ያደገ ሰው ሌላ አስተያየት አያውቅም።

አንዷን ዙር ልንገራችሁ። ሁለት ልብ ይዣለሁ፣ መሬት ካሉት የጋራ አራት ካርታዎች ሁለቱ ልብ ናቸው፣ አንዲት ልብ ብትመጣ አምስት ልብ፣ ፍላሽ ሞላልኝ ማለት ነው። መሀል 100 ቺፕስ አለ፣ ከፊቴ ያለው ልጅ 100 ጨመረበት። አሰብኩ አሰብኩና ፎልድ፣ ካርታዬን ጣልኩ። ከኔ ቀጥሎ ያለው ግን ገባ፣ ሪቨሯ፣ የመጨረሻዋ ካርታ፣ ስትገለጥ ልብ ሆና ቁጭ! ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ።

እሱ ሪቨሯን ሳያይ በቮይስ ቆጠረልኝ። ከ52ቱ ካርታ የማያቸው 6 ናቸው፣ 46 ይቀራል፣ ከነሱ ውስጥ ልብ የሆኑት 9 ብቻ፣ ወደ 20 በመቶ በይው። ኮል ብል ደግሞ 100 አስገብቼ መሀል ያለው 300 ይሆናል፣ ስለዚህ ቢያንስ ከሦስት አንዴ ካልበላሁ አያዋጣኝም። ቀጥሎ የጠየቀኝ ነው የገረመኝ፣ 100 የጨመረው ልጅ ስንት ቺፕስ ቀርቶት ነበር አለኝ። 40 ምናምን ነበረው። ብዙ ቢኖረው ፍላሹ ሲሞላ ትቀበይው ነበር፣ ያኔ ሂሳቡ ሌላ ነው፣ በ40 ግን ምንም አይለወጥም፣ "አብሽሪ፣ ደህና አድርገሽ ነው የጣልሽው" አለኝ። ከዛ ሪቨሯ ልብ እንደነበረች ነገርኩት። "እና?" ብሎ ዝም።

አሁን ስጫወት ካርታዬን ብቻ ሳይሆን የሰዉን ቺፕስ፣ ማን ከኔ በፊት ማን ከኔ በኋላ እንደሚወስን፣ ለምን ኮል እንዳልኩ ሁሉ ኖት ላይ እጽፋለሁ፣ ካልጻፍኩ ሲጠይቀኝ የምመልሰው የለኝማ። ዛሬም አንዷን ልኬለታለሁ፣ ብዙ የበላሁባት ናት ግን ትንፍሽ አላልኩም፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ እስኪደርስ ይሄ ኔትወርክ ስንቴ እንደሚያርፍ እንጃ።