ጥር 26፣ ሮክና ቦውሊንግ

አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ብርዱ ሲከብድ ሰው ወይ ቤቱ ይከተታል፣ ወይ ቦውሊንግ ሊግ ይገባል፤ ኳስ አንከባሎ «ፒን» የሚባሉትን አሥር ዘንጎች የመጣል ውድድር ነው። እኔ ሊጉን መርጫለሁ። ዘንድሮ አንዱ የጨዋታ ምሽታችን ፌብሩዋሪ 3 ላይ ዋለ፤ በእኛ ጥር 26 መሆኑ ነው። እዚህ አገር «ሙዚቃ የሞተበት ቀን» ይሉታል።

እ.ኤ.አ. በ1959 የሮክ ዘፋኞቹ ባዲ ሆሊ፣ ሪቺ ቫለንስና «ቢግ ቦፐር» የሚባለው ጄ.ፒ. ሪቻርድሰን አዮዋ፣ ክሊር ሌክ ላይ ተጫውተው ሲያበቁ በትንሽ አውሮፕላን ተነሱ። ብዙም ሳይርቁ ተከሰከሰች። አብራሪውን ጨምሮ አራቱም ሞቱ። ቫለንስ ገና 17 ዓመቱ ነበር። ለዝግጅት የሚዞሩበት አውቶቡስ ማሞቂያው አይሠራም ነበር፤ የሆሊ ከበሮ መቺማ እግሩን ብርድ መትቶት ሆስፒታል ገብቷል። ቀጣዩ ዝግጅታቸው እዚሁ እኛ ዘንድ፣ ሞርሄድ ነበር። የዚህን አገር ብርድ የቀመሰ ሰው ለምን አውሮፕላን ተከራዩ ብሎ አይጠይቅም።

የቦውሊንግ አዳራሹ ምሽቱን ሙሉ የእነሱን ዘፈን ለቀቀው። ደስ ይላል፤ ግን ፈጣን ምት እግር ይጎትታል። ሰዉ ሳይታወቀው ወደ መወርወሪያው መስመር ይሮጥ ጀመር። የቡድናችንን አንጋፋ «ጋሼ፣ እግርዎ እኮ እየጨፈረ ነው!» አልኳቸው። «ታዲያ ይህን እየሰማ ማን ዝም ብሎ ይቆማል?» አሉኝ።

እኔ ትንፋሼን አውጥቼ፣ የመጀመሪያዋን እርምጃ ሆን ብዬ አዘገየኋት። እሷ ከዘገየች የቀሩት ይከተላሉ።

ከሙዚቃው የባሰው ዘይቱ ነው። ሌኑ፣ ማለትም ኳሱ የሚንከባለልበት መስመር፣ ዘይት ይቀባል፤ ኳስ በተንከባለለ ቁጥር ዘይቱ እየተነሳ ይሄዳል። ደረቅ ቦታ ላይ ኳስ ቶሎ ይታጠፋል። ሁለተኛው ጌም (ዙር) መሃል ላይ ኳሴ የፊተኛዋን ፒን ግንባሯን እየመታ ዳር ዳሩን ትቶት ይሄድ ጀመር። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው ኃይል ይጨምራል። አይሆንም። ቀኝ እጅ ስለሆንኩ መቆሚያዬንም፣ የማነጣጥርበትንም ሌኑ ላይ የተሳለ ቀስት ወደ ግራ አዛወርኩ። ስትራይኩ፣ ሁሉንም ፒን በአንድ ውርወራ መጣሉ፣ ተመለሰ።

ቀኝ ጥግ ላይ ለምትቀረዋ ፒን ደግሞ ፕላስቲክ ኳስ አለኝ። እሱ ብዙም አይታጠፍም። ከግራ ቆሜ አሻግሬ ቀጥ አድርጌ እልከዋለሁ። ስትራይክ ጭብጨባ ያመጣል፤ ሊግ የሚያሸንፈው ግን ስፔር፣ የቀሩትን ፒኖች በሁለተኛው ውርወራ መጣል፣ ነው ባይ ነኝ።

ሦስተኛውን ጌም በ214 ነጥብ ጨረስኩ፤ ጣሪያው 300 ነው። ያም ሆኖ ተጋጣሚዎቻችን በሃንዲካፑ፣ ማለትም ደከም ላለው ቡድን በሚጨመረው ነጥብ፣ ምክንያት በጥቂት ፒን ይመሩን ነበር። የቀረው የጋሼ የመጨረሻ ፍሬም (የመወርወሪያ ተራ) ብቻ። ጊታሩ እየጮኸ፣ ትከሻቸውን እየነቀነቁ ሄደው ወረወሩ። ስትራይክ! አሸነፍን።

«አንተ ደግሞ ቀስ በል ትለኛለህ!» ብለውኝ ተቀመጡ።