ብረቱ ካድሚየም መስሎ

ክረምት ሲገባ ግልገል ዓባይ ቀይ ደለሉን ተሸክሞ ጣና ይገባል። ከወንዙ መግቢያ የመጣውን ደለል በአሲድ አሟሙቼ፣ ግማሽ ግራሙን በ50 ሚሊ ሊትር አድርጌ በፕላዝማው፣ ናሙናውን አግሎ እያንዳንዱን ንጥረ ነገር በሚያበራው የብርሃን መስመር በሚለካው መሣሪያ፣ ባሳልፈው ካድሚየም የተባለው መርዛማ ንጥረ ነገር ከፍ ብሎ ወጣ። ደገምኩት፤ ያው ነው። የታወቀ መጠን ካድሚየም ጨምሬ ለካሁ፤ የጨመርኩት ከሞላ ጎደል ተመለሰ። ደለል የሌለበት ማነጻጸሪያው፣ ብላንኩም፣ ንጹሕ ነው። ኃላፊዬ ወረቀቱን እንዳየ ስልኩን አነሣ።

ጋሼ የምንላቸው ነባሩ ቴክኒሺያን ከአርጎኑ ሲሊንደር አጠገብ ቆመው ጠየቁኝ።

«በየትኛው መስመር አነበብሽው?»

«በ226.502 ናኖሜትር።»

«አፈሩ ቀይ ነው?»

«እንደ ጡብ።»

«እንግዲያስ ልጄ፣ ቅላቱ የብረት ነው፤ ካድሚየም የሌለበት ብረት ብቻውን መሣሪያውን አጠጪው።»

ከፋኝ። ሁለት ቀን የደከምኩበት ነው። «ጋሼ፣ የጨመርኩት እኮ ተመልሷል!» አልኳቸው።

«መመለሱ ፕላዝማው ምልክቱን እንዳላዳከመው ይነግርሻል። ጎረቤት መስመር ግን በጨመርሽበትም ባልጨመርሽበትም ናሙና ላይ እኩል ይደመራል፤ ስትቀንሺው ይጠፋል።»

በሊትር 500 ሚሊ ግራም ንጹሕ ብረት አዘጋጅቼ አስገባሁ። መሣሪያው ካድሚየም ብሎ ጻፈልኝ። የብረቱ መስመር 226.505 ላይ ነው፤ የ0.003 ናኖሜትር ልዩነት የእኛ መሣሪያ አይለይም። ሌላው የካድሚየም መስመር 228.802 ነው፤ አርሴኒክም እዚያው አጠገብ፣ 228.812 ላይ፣ ስለሚያበራ፣ አርሴኒኩ አነስተኛ መሆኑን አረጋግጬ ወደዚያ ዞርኩ። በዚህኛው መስመር የሚለካ ካድሚየም አልነበረም። እጄ ተንቀጠቀጠ። ቁጥሩ እኮ ከቤታችን ወጥቷል።

ወዲያው ሄጄ ለኃላፊዬ ነገርኩት፤ በዚያው ስልክ እንዲያርመው ለመንኩት። «በደብዳቤ ይገለጻል» አለኝ። ለስሕተቱ ስልክ፣ ለእርማቱ ደብዳቤ! ደብዳቤው ሁለት ሳምንት ፈጀ። ዛሬም ይህ ያንገበግበኛል።

በመካከሉ አንድ ማለዳ ባሕር ዳር፣ ታንኳዎቹ ከሚቆሙበት ዳርቻ ዓሣ ልገዛ ወረድኩ። የምታውቀኝ ሻጭ ዓሣዋን በቅጠል ሸፍና ተቀምጣለች። «መርዝ አለበት ብለው አስወሩብን፤ ትናንትም ሳልሸጥ ነው የገባሁ» አለችኝ። የተለካው ደለል እንጂ ዓሣ እንዳልሆነ፣ በደለሉም ውስጥ ያየነው ብረት እንደ ነበር አስረዳኋት። እስክጨርስ ዝም ብላ ሰማችኝ።

«መቼ ነው ያወቃችሁት?» አለች።

«ማክሰኞ።»

ቀኑ ቅዳሜ ነበር።