ደሜ ወተት የመሰለበት ሁዳዴ

«ከዳንኩ እመሰክራለሁ» ብዬ ተስያለሁና እነሆ ስለቴን ልክፈል።

ጅማ መርካቶ ውስጥ ቡና ነጋዴ ነኝ። ባለፈው ሁዳዴ፣ ሥጋና ቅቤ ከቤታችን በራቀበት ሰሞን፣ ከእንብርቴ በላይ የጀመረኝ ሕመም እስከ ጀርባዬ ዘለቀ። ጎንበስ ስል ይሻለኛል፣ በጀርባዬ ስተኛ ይብስብኛል። ጨጓራ ነው ተብዬ ሁለት ቀን ሽሮፕ ጠጣሁ። በሦስተኛው ሌሊት ትውከቱ አላቆም ሲል ባለቤቴ የመድኃኔዓለምን ሥዕል ራስጌዬ አድርጋ አለቀሰች። እኔም «ልጆቼን እስካሳድግ አቆየኝ» አልኩ። ወዲያው ይለቀኛል ብዬ ነበር፤ አልለቀቀኝም። ሲነጋ በባጃጅ ሆስፒታል ወሰዱኝ።

ደሜን የቀዳው ወጣት ብልቃጡን ጥቂት አቆይቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣው። ከታች ቀይ ነው፤ ከላይ ግን ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። «ጋሼ፣ ይህ እኮ ስብ ነው» አለኝ። ትራይግሊሰራይድ ይሉታል። ከ150 በታች መሆን ሲገባው የእኔ 1,640 ነበር። ከ500 ሲያልፍ ቆሽትን ሊያስቆጣ ይችላል፤ የእኔ ቆሽት ተቆጥቶ ነበር።

«እኔ እኮ ጿሚ ነኝ!» ብዬ ሐኪሟን ተከራከርኳት። ምን እንደምጠጣ ጠየቀችኝ። በቀን ስድስት ብርጭቆ ሻይ፣ በየብርጭቆው ሦስት ማንኪያ ስኳር። ማታ ማታ ደግሞ ጠጅ፤ ጠጅ የጾም ነው ብዬ! ጉበት የተረፈውን ስኳር ወደ ስብ እንደሚለውጥ፣ መጠጥም እንደሚያባብሰው አስረዳችኝ። ለካስ የስኳር ሕመምም ሳላውቀው ይዞኝ ኖሯል። ጸሎቴ የተሰማው በዚያ ብልቃጥ መሆኑን ያን ዕለት አላስተዋልኩም።

እህል ውኃ ተከልክዬ በግሉኮስና በኢንሱሊን ሰነበትኩ። ስወጣ የንስሐ አባቴን «ጸበሉ አይበቃኝም?» ብላቸው ተቆጡኝ። «ጸበሉንም ጠጣ፣ ኪኒኑንም እንዳታቋርጥ!» አሉኝ። ሻዬን ያለ ስኳር ለመድሁ፤ የመጀመሪያው ሳምንት ግን ሬት ነበር። ነጭ ዳቦ ቀነስኩ፣ ጠጅ ተውኩ፣ ከቤት እስከ ሱቅ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። በሦስተኛው ወር ሌሊቱን ጾሜ አድሬ ስመረመር 212፣ ባለፈው ወር ደግሞ 141 ሆነ። ክብሩን መድኃኔዓለም ይውሰድ!

በ27 የማኅበር ተረኛ ነበርኩና ጠጁን ባለቤቴ ጣለች። ለማኅበርተኛው ሁሉ በእጄ ቀዳሁ። ለእኔ የቀረበልኝ ብርሌ ውኃ ነበረበት።