መጀመሪያ ውሃውን ሸኘን

የምንኖረው ደሴ ነው፤ ጦሳ ተራራ ግርጌ፣ የባለቤቴ አባት በእጃቸው በሠሩት የጭቃ ቤት። አንድ ሳሎን፣ ሁለት መኝታ ቤት፣ ጓሮ ደግሞ ማድ ቤት አለን። አምስት ነን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችንና አማቴ። ቤቱን በ35,000 ብር እቁብ እንዴት እንዳሳመርነው የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። ግን ከእቁቡ በፊት የወጣ 19,000 ብር አለ፤ እሱን ሳልነግራችሁ ብዘል ልክ አይሆንም።

2015 ሊገባ ሲል ነው። ለአዲስ ዓመት ቤቱ ይድመቅ ብለን ግድግዳውን እስከ ወገብ በሲሚንቶ አስለሰንን፣ ከዚያ በላይ ያለውን ፕላስቲክ ቀለም አስቀባን። 19,000 ብሩ የሄደው በዚህ ነው። ሲያልቅ ሌላ ቤት መሰለ። የገባ ሁሉ "ማሻ አላህ" ሳይል አይወጣም ነበር።

ጥር ላይ ቀለሙ እንደ ብጉር ያብጥ ጀመር። በጣት ሲነኩት እንደ ሽንኩርት ይላጣል። የካቲት ላይ በልግ ሲጥል ደግሞ ልስኑ ከሥሩ ተነሳ፤ ስታንኳኳው ከበሮ ነው፣ ውስጡ ባዶ። አንድ ሌሊት ከትንሿ ልጄ አልጋ አጠገብ ክንድ የሚያህል ቁራጭ ተገንጥሎ ወደቀ። ልጅቷን አልነካትም፣ አልሐምዱሊላህ። እኔ ግን እስኪነጋ እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም።

ጎረቤታችን አንድ ሽማግሌ ግንበኛ አሉ፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ጠርተን አሳየናቸው። የወደቀውን ልስን አላዩትም። ቀጥ ብለው ወደ ጓሮ ዞሩ፣ ጣራውን ቀና ብለው አዩ፣ የግድግዳውን ሥር በከዘራቸው ጫር ጫር አደረጉና "ልጄ፣ ውሃውን ሳትሸኙ ነው እንዴ ቤቱን የምትድሩት?" አሉኝ።

ከዚያ ቡና እየጠጡ ያስረዱኝ እንዲህ ነው። ጭቃ ይተነፍሳል። ክረምት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰበሰባል። ሲሚንቶ ግን ንቅንቅ አይልም፤ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው አብሮት ስለማይሄድ ይላቀቃል። ፕላስቲክ ቀለም ደግሞ እርጥብ ግድግዳ ላይ ከተቀባ ፌስታል እንደማልበስ ነው። እኛ የቀባነው ክረምቱ ገና ሳይወጣ፣ ግድግዳው ውሃ ጠግቦ ባለበት ሰዓት ነበር። እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ገፍቶት ወጣ።

ለነገሩ አገሩም ራሱ ቀዝቃዛ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ጉሙ ሲወርድ ፀሐይ የሚናፍቅበት ጊዜ አለ። ባለቤቴ የሚሠራው ኮምቦልቻ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ ግን ከደሴ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለሚል ሙቀቱ ሌላ ነው። እዚያ ባልደረባው ቤት ባንድ ቀን የደረቀው ዓይነት ቀለም እኛ ጋ ሳምንት ሙሉ እጅ ይይዝ ነበር። ቆላ ቤት ሠርቶ ያየውን ምክር ደጋ ቤት ላይ እንዳለ ማምጣት አይሆንም። እኛ ያደረግነው ይህንኑ ነበር።

እቁቡ የወጣልን ጥቅምት 2016 ነው። ባለቤቴ ሶፋ ፈልጎ ነበር፤ ልጆቹ ዘንድሮስ ትልቅ ቴሌቪዥን ይመጣል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። ብሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ተነጋገርን፣ ተከራከርንም። መጨረሻ ላይ መጀመሪያ ከጣራ፣ ቀጥሎ ከመሬት፣ ከዚያ ግድግዳ፣ ጌጡ በተረፈው ብለን ተስማማን።

ለጣራው ዘዴውን የነገሩን ጋሼ ናቸው። በጠራራ ፀሐይ በርና መስኮት ዘጋን፣ አሮጌውን የማዳበሪያ ኮርኒስ አወረድንና ወደ ላይ አየን። ቀዳዳው ሁሉ እንደ ኮከብ ያበራል። ልጄ ቆጠረው፣ 41 ሆነ። እያንዳንዱን ከሥሩ ያለውን እንጨት በከሰል ምልክት አደረግንበት። ሦስት ቆርቆሮ ከነአካቴው ዝጎ ነበርና ተቀየረ። የቀረው የላላ ሚስማር ብቻ ስለነበር ተነቅሎ በአዲስ ተተካ፤ ከአሮጌ የመኪና የውስጥ ጎማ ትንንሽ ክብ ቆርጠን ከየሚስማሩ ራስ ሥር አደረግን፣ ከላይ ሬንጅ ቀባንበት። አንድ ነገር ልብ በሉ። ሚስማር የሚመታው ቆርቆሮው በጎበጠበት ጫፍ ላይ ነው፤ ውሃው በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ ከተመታ ዛሬ ባያፈስ ነገ ያፈሳል። እኛ ቤት ካፈሰሱት አብዛኞቹ እንደዚያ የተመቱ ነበሩ።

ቀጥሎ አሸንዳ አሠራን። ከፊትም ከኋላም፣ መውረጃው ወደ ሁለት በርሜል። አሸንዳ የሌለው ቤት የጣራው ውሃ መሬት ሲመታ ጭቃውን መልሶ ግድግዳው ላይ ይረጨዋል፣ ሥሩን ቀስ በቀስ ይበላዋል። የኛ ግድግዳ ከታች ስንዝር ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። ይህን ለዓመታት እያየሁት አላየሁትም።

ከቤቱ ጀርባ ተዳፋት ስለሆነ ከጦሳ የሚወርደው ውሃ በቀጥታ የመኝታ ቤታችንን ግድግዳ ነው የሚገፋው። ሁለት ሰው ለሁለት ቀን ቀጥረን ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ራቅ አድርገን ቦይ አስቆፈርን፣ በድንጋይ አስነጠፍነው። ግን ውሃውን የት ነው የምንለቀው? ቦዩ የሚያልቀው የታችኛው ጎረቤታችን አጥር ላይ ነው። የራሴን ቤት አድርቄ የሰው ቤት ላርስ? ማታ ባለቤቴ ሄዶ አነጋገራቸው። ሰውዬው ደስ ብሏቸው "እኔም ስቸገርበት ነው የኖርኩት፣ በኔ ግቢ በኩል አብረን እስከ መንገዱ ቦይ እናድርሰው" አሉ። ድንጋዩን እሳቸው ቻሉ፣ ጉልበቱን እኛ። እንዲህ ያለ ሥራ ስትጀምሩ ከመቆፈራችሁ በፊት ከታች ያለውን ሰው አነጋግሩ።

እስካሁን የነገርኳችሁ ጣራው፣ አሸንዳውና ቦዩ 18,300 ብር ወስዷል። ከእቁቡ ከግማሽ በላይ ማለት ነው፣ ግን እንግዳ ገብቶ የሚያየው አንድም ነገር የለውም። በዚያ ሳምንት ሆዴ ተረብሾ ነበር፣ እውነቱን ነው የምናገረው። አማቴ ናቸው ያረጋጉኝ። "አብሽሪ ልጄ፣ ሥሩ የደረቀ ቤት አይጥልሽም" አሉኝ።

ግድግዳው ላይ የደረስነው ኅዳር ነው። እዚህ ወሎ ከክረምቱ ሌላ በልግም ስለሚዘንብ ጭቃ በደንብ የሚደርቅባት ጊዜ ጠባብ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ካልተያዘች ትሄዳለች። የተነሳውን ሲሚንቶ ሁሉ አራገፍነው። ቀዩን አፈር ነፍተን፣ ከገራዶ በአህያ የመጣ የጤፍ ጭድ ደባልቀን፣ ውሃ እያጠጣን ለሦስት ሳምንት አቦካነው። በየቀኑ በእግር ይረገጣል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቦርሳ ወርውረው እዚያ ውስጥ ነበሩ። ሽታው ከባድ ነው፣ አልዋሽም፤ ሲደርቅ ግን ይጠፋል። ችኩል ሰው ጭቃውን ባንድ ቀን አቡክቶ ይመርጋል፣ ከዚያ ሲደርቅ ይሰነጣጠቅበታል። ጭዱ በስብሶ ከአፈሩ ጋር ሲዋሃድ ግን ጭቃው እንደ ሊጥ ይሳባል፣ ግድግዳውን ይይዛል።

መጀመሪያ ወፈር ያለ ምርግ ተመረገ። እሱ ደርቆ ስንጥቁ ከታየ በኋላ ሁለተኛው፣ እበትና ደቃቅ አሸዋ የገባበት ቀጭኑ ምርግ ተከተለ። በሁለቱ መሃል አሥራ ሁለት ቀን ጠብቀናል። ጭቃው እርጥብ እያለ ደግሞ ከወይራ የተጠረቡ ኩላቦች በየቦታው አስገባን፣ ከውስጥ ከማገሩ ጋር ታስረው። ጭቃ ግድግዳ ሚስማር አይዝም፤ ሥዕል ሰቅላችሁ በማግስቱ መሬት ላይ ያገኛችሁት ለዚያ ነው። ኩላብ ግን ካባም ይሸከማል።

ቀለሙ ኖራ ሆነ። ኖራ እርካሽ ነው፣ ግድግዳውንም እንዲተነፍስ ይተወዋል። አንድ ቀን ሙሉ ውሃ ውስጥ ነክረን፣ ትንሽ ጨው ጨምረንበት እንዲይዝ፣ አጥልለን ቀባን። ስትቀቡት ውሃ ይመስላል፣ ምንም ያልቀባችሁ ይመስላችኋል፤ ተዉት። ሲደርቅ ነው የሚነጣው። ወፍራም አድርጋችሁ አንድ ጊዜ ከመቀባት ቀጭን አድርጋችሁ ሦስት ጊዜ መቀባት ይሻላል። ሳሎኑ ላይ የተነፋ ቀይ አፈር ጥቂት ብንጨምርበት የዳቦ ቅርፊት የመሰለ ሞቅ ያለ ቀለም ወጣው፣ ከሱቅ ከገዛነው ክሬም ቀለም ይልቅ እኔ ይህን እወደዋለሁ። ብቻ ኖራ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል፣ ልጆች ደግሞ አጠገቡ አይድረሱ።

የኖራ አንድ ችግሩ ልብስ መንካቱ ነው። ሰው ጀርባውን የሚያስደግፍበት ቦታ ላይ ነጭ ሆኖ ይነሳል። ለዚህ መላ ያገኘነው ባቲ ነው። ባለቤቴ አንድ ሰኞ ፈቃድ ወስዶ ባቲ ገበያ ወረደና የአፋር ሴቶች የሚሠሩትን ሰሌን ሁለት ጥቅልል ይዞ መጣ። መቀመጫው ባለበት በኩል ግድግዳው ላይ እስከ ትከሻ ድረስ በቀጭን እንጨት ወጥረነዋል። ልብስ ይጠብቃል፣ ቤቱንም ያሞቀዋል። እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ኮርኒሱን በአቡጀዲ ሠራነው። ሰፍተን፣ ወጥረን፣ ኖራ ቀባነው። ጥቅምትና ኅዳር ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ቆርቆሮው ከውስጥ ያልበዋል፣ ጠዋት ይንጠባጠባል፣ ሰውም ጣራዬ ያፈሳል ብሎ ይጨነቃል። ስለዚህ በሁለቱም ጎን ከጣራው ሥር መስኮት የምታህል ቀዳዳ ትተን ወንፊት ሽቦ አደረግንባት፤ ንፋስ ሲመላለስ ላቡ ይደርቃል። ወለሉ የድሮ ሊሾ ነው፣ ስንጥቁን ደፍነን በቀይ ሰም ወለወልነው፣ አለቀ። የፕላስቲክ ምንጣፉን አንስተን ጣልነው፤ ከሥሩ ሻግቶ ነበር።

አሁን ስለ መደቡ ልንገራችሁ። ሳሎናችን ውስጥ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ የተሠራ የጭቃ መደብ አለ። እኔም ባለቤቴም ልናፈርሰው ነበር፣ ቦታ ያባክናል፣ ሶፋ አያስገባም ብለን። ግንበኛው ዶማ ይዞ ሲገባ አማቴ ተነስተው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ምንም አላሉም። ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ዝም አሉ። ባለቤቴ አጠገባቸው ቁጭ አለና "እማ፣ ምን ሆንሽ?" ሲላቸው፣ "አንተ ስትወለድ አባትህ የሠራልኝ ነው፣ እዚህ ላይ ነው የታረስኩት" አሉት። እሱም አያውቅም ነበር። ዶማው ወጣ።

መደቡን እንደ ግድግዳው መርገን ኖራ ቀባነው። ከሥሩ ባዶ የነበረውን በኩል ከፍተን የጫማና የልጆች መጽሐፍ ማስቀመጫ አደረግነው። ስፖንጅ በልኩ አስቆርጠን በአማቴ አሮጌ ባና አለበስነው፣ ትራሶቹን እኔ ከጥለት ቁራጭ ሰፋሁ። መደርደሪያውን ባለቤቴ ከኮምቦልቻ በርካሽ ከገዛው የፓሌት እንጨት ሠራው፤ ሚስማሩን ነቅሎ፣ አለስልሶ፣ በቅባት ቀባው። የአማቴ ስፌቶች፣ ሳጥን ውስጥ ለዓመታት የተቀመጡት ሁሉ፣ ኩላቦቹ ላይ ወጡ። ሶፋ የሚያስወጣንን ያህል ብር አላወጣንም፤ ለትራሱም ለስፖንጁም 2,000 ብር ብቻ ነው። ረከቦቱ ደግሞ መደቡ ፊት ለፊት ነው። አቦሉ ሲቀዳ አማቴ አሁንም እዚያችው ጥግ ላይ ናቸው።

ጠቅላላው 32,400 ብር ሆነ። የተረፈችውን 2,600 ለወለሉ ሰምና ለመጋረጃ አዋልናት። የመጀመሪያው 19,000 አብሮ ቢሆን ኖሮ ማድ ቤቱም አሁን ባለቀ ነበር፣ ይህ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ክረምቱ አልፏል። ሐምሌ ላይ በረዶ የጣለ ቀን ሁላችንም ከመኝታ ቤቱ ግድግዳ አጠገብ ቆመን ጆሯችንን አስጠጋን። ልጄ እጇን እየለጠፈች "ደረቅ ነው፣ እማ፣ ደረቅ ነው" ትለኝ ነበር። ውጪ በርሜሎቹ ሞልተው ይፈሳሉ።

አሁን ተራው የማድ ቤቱ ነው። ጭሱ የሚወጣበት በቂ ቀዳዳ ስለሌለው ግድግዳው ጠቁሯል፣ የአማቴም ዓይን ያለቅሳል። ጋሼ ትናንት መጥተው አይተውታል። ጭዱ መጥቷል፣ አፈሩ ተነፍቷል፣ ጭቃው ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እየቦካ ነው።