ትውልድ መቁጠር፦ የኤፒጄኔቲክ ውርስ መጣጥፍን ስገመግም ሦስተኛ ሳምንቴ

ባለፈው ስጽፍላችሁ ስለ ኤፒጄኔቲክ ውርስ፣ ማለትም የዘረመል ፊደል ሳይለወጥ አሠራሩ ብቻ ተለውጦ ለልጅ ስለመተላለፉ፣ የሚናገረውን ይህን የኢንሳይክሎፔዲያ መጣጥፍ «ጥሩ» የሚል ደረጃ ሰጥቼው ነበር። ደረጃውን አንስቻለሁ። ምክንያቱ ትንሽ ያሳፍራል፤ ቢሆንም ለሚጀምር ሰው ይጠቅም ይሆናል ብዬ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የያዝኩት መመዘኛ ዓይን የሚያየውን ነበር። የግርጌ ማስታወሻው ብዙ ነው፣ ሥዕል አለው፣ ንዑስ ርዕሶቹ በወጉ ተከፋፍለዋል፣ መግቢያው ኤፒጄኔቲክስ የሚለውን ቃል ብሪታንያዊው ባዮሎጂስት ዋዲንግተን እ.ኤ.አ. በ1942 (ቀጥለው የሚመጡት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) እንዳወጣው ሳይቀር ይናገራል። ሌላ ምን ይፈለጋል ብዬ አለፍኩ። አብራኝ የምትገመግም ጓደኛዬ ግን አንድ ነገር ጠየቀችኝ፦ «በየምሳሌው ለነገሩ የተጋለጠው ማን ነው? የወረሰውስ?» መልስ አልነበረኝም።

ሁለተኛውን ሳምንት ትውልድ ስቆጥር ከረምኩ። ነፍሰ ጡር አይጥ አንድ ኬሚካል ብትወስድ የተጋለጠችው እሷ ብቻ አይደለችም። በማህፀኗ ያለው ፅንስም ተጋልጧል። በፅንሱ ውስጥ ደግሞ ነገ የልጅ ልጆቿን የሚያስገኙት የዘር ህዋሳት ከወዲሁ አሉ፤ እነሱም አላመለጡም። ሦስት ትውልድ በአንድ ጊዜ ማለት ነው። ስለዚህ በእናት በኩል «ወረሰ» ለማለት አይጧ ቅድመ አያት እስክትሆን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ተመራማሪዎቹ ኤፍ 3 የሚሉት ትውልድ ይህ ነው። በአባት በኩል ከሆነ ፅንስ የሚባል ነገር መሀል ስለማይገባ የልጅ ልጁ፣ ኤፍ 2፣ ይበቃል።

ይህን ይዤ ከላይ እስከ ታች እንደገና ሳነብ መጣጥፉ መላ ቅጡ ጠፋብኝ። የመጀመሪያው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1944–45 ክረምት ኔዘርላንድስ ውስጥ የደረሰው ረሀብ ነው። በ2008 የታተመው ጥናት በረሀቡ ወቅት የተፀነሱ ሰዎችን ከ60 ዓመት ያህል በኋላ ረሀቡ ካላገኛቸው ወንድሞቻቸውና እህቶቻቸው ጋር አነጻጽሮ፣ አይጂኤፍ 2 በተባለው ዘረመል ላይ ሜቲሌሽኑ (ዲኤንኤ ላይ የሚለጠፍ፣ የዘረመሉን ሥራ የሚነካ ትንሽ ኬሚካላዊ ምልክት) ቀንሶ አገኘ። ድንቅ ውጤት ነው። ግን የተለኩት ሰዎች ራሳቸው ማህፀን ውስጥ ሆነው የተራቡት ናቸው። ከማንም አልወረሱም። መጣጥፉ «ትውልድ ተሻጋሪ ውርስ» በሚል ርዕስ ሥር ነው ያስቀመጣቸው። በ2003 የተዘገበው፣ የእናቲቱ መኖ ተቀይሮ የግልገሎቹ ፀጉር ቀለም የተለወጠበት የአጉቲ አይጦች ሙከራም ያው ነው፤ እርግዝና ላይ የተሠራ ነው።

የግርጌ ማስታወሻዎቹ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ሁለቱን ተከትዬ ስሄድ ያገኘሁት የጋዜጣ ዜና ነው። የከበደኝ ሌላው ነው። ቪንክሎዞሊን የተባለው ፀረ ፈንገስ የወንድ አይጦችን የመራባት አቅም እስከ አራተኛው ትውልድ ድረስ እንደጎዳ የገለጸው የ2005 ጥናት ሙሉ አንቀጽ ተሰጥቶታል፤ ትውልድ ቆጠራውንም ያልፋል። ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ሞክረው ያንኑ ውጤት እንዳላገኙ ግን አንድ ቃል የለም። ዋቢው ትክክል ሆኖ አንባቢው ሊሳሳት እንደሚችል የገባኝ እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን የተጻፈው ሳይሆን የተዘለለው ነው። በአጥቢ እንስሳት የሜቲሌሽን ምልክቶች ሁለት ጊዜ በስፋት ይጠረጋሉ፦ አንዴ እንቁላሉ እንደተዳቀለ፣ አንዴ ደግሞ በፅንሱ የዘር ህዋሳት ውስጥ። ከጠረጋው የሚተርፉ ቦታዎች አሉ፤ ጥቂት ናቸው። የክርክሩ እምብርት ይህ ሆኖ ሳለ መጣጥፉ መጨረሻ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፎታል። ዕፅዋት እንዲህ አይጠርጉም። የዕፅዋት ተመራማሪው ሊኒየስ በ1744 የገለጻት፣ የአበባ ቅርጿ ከዘመዶቿ የተለየባት ሊናሪያ፣ ልዩነቷ የመጣው ከአንድ ዘረመል ሜቲሌሽን መሆኑ በ1999 ታውቋል። ዕፅዋቱን ከሰው ጋር በአንድ አንቀጽ መጨፍለቅ «እዚያ ከሆነ እዚህም ይሆናል» የሚል ስሜት ይሰጣል።

አንድ ስህተት ደግሞ በራሴ ያዝኩ፤ ትንሽ ልኩራበት። መጣጥፉ የውርሱ መንገድ ሜቲሌሽን ነው ይልና ሲ. ኤሌጋንስ የተባለችውን ትል እንደ ዋና ማስረጃ ይጠራል። ትሏ ግን ሳይቶሲን (ከዲኤንኤ ፊደላት አንዱ) ላይ የሚለጠፈው ያ ሜቲሌሽን የላትም! እሷ የምታስተላልፈው በዋናነት ዘረመልን በሚቆጣጠሩ ትናንሽ አርኤንኤዎችና ዲኤንኤ በሚጠመጠምባቸው ፕሮቲኖች (ሂስቶን) ላይ ባሉ ምልክቶች ነው።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ እጄን አስገባሁ። የኔዘርላንድሱን ረሀብ «በማህፀን ውስጥ መጋለጥ» ወደሚል አዲስ ንዑስ ርዕስ አዛወርኩት። በማግስቱ በሌላ አርታኢ ወደ ነበረበት ተመልሷል፤ «ምንጭ የለውም» የሚል ማስታወሻ ተጽፎበት። ተናደድኩ፤ ቆይቼ ሳስበው ሰውየው ልክ ነው። የእኔ ቆጠራ የእኔ ነው እንጂ ምንጭ አይደለም። ልዩነቱን የሚያብራራ የክለሳ ጽሑፍ ፈልጌ፣ በውይይት ገጹ ላይ ምክንያቴን አስቀምጬ እንደገና ስጨምረው ማንም አልነካውም።

የቀረኝ የኦቨርካሊክስ አንቀጽ ነው። ሰሜን ስዊድን ውስጥ በ1890፣ በ1905 እና በ1920 የተወለዱ ሰዎችን ዕድሜ፣ አያቶቻቸው በልጅነት ካገኙት አዝመራ ጋር ያገናኘው ጥናት ማለት ነው። ያዘጋጀሁት ዓረፍተ ነገር «ጥናቱ መዝገብ ከመዝገብ አገናኘ እንጂ ኤፒጄኔቲክ ምልክት አልለካም» ይላል። ሐሳቡ እውነት ነው፤ «እንጂ» ግን ሙግት ሙግት ይሸተኛል። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰርዣለሁ። ለዘብ የሚያደርገው አገላለጽ ያላችሁ ወዲህ በሉኝ።