በአጎቱ ስም የዘመተው ወታደር

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ፍርድ ቤት አካባቢ ባለች አንዲት ትርጉም ቤት ነው። ትርጉም ቤት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና አንድ ማኅተም ናት። የልደት፣ የጋብቻ፣ የትምህርት ማስረጃ ስንተረጉም እንውላለን። አንዳንዴ ግን እንዲህ ያለ ጉዳይ ይገባል።

አንዲት ወጣት መጣች። ለኮሪያ ዘማቾች ቤተሰብ በሚሰጥ የትምህርት ዕድል አመልክታ ወረቀቷ ተመልሶባታል። አያቷ ጃንሆይ ከክብር ዘበኛቸው መርጠው ኮሪያ የላኩት የቃኘው ሻለቃ ወታደር ነበሩ። ማስረጃቸውን ሌላ ቦታ አስተርጉማ ነበር። ያንን ትርጉም ከኦሪጅናሉ ጋር ጎን ለጎን አድርጌ ሳየው ራሴን ያዝኩ።

አማርኛው «በ1943 ዓ.ም. ዘመቱ» ይላል። እንግሊዝኛውም 1943 ይላል። አልተቀየረም፣ የኛ አቆጣጠር ነው የሚል ማስታወሻም የለውም። የኮሪያ ጦርነት የፈነዳው ሰኔ 18 ቀን 1942 ነው፤ በፈረንጅ 1950። እንግዲህ ወረቀቱን ላነበበው የውጭ አገር ሰው፣ አያትየው ጦርነቱ ሊጀመር ሰባት ዓመት ሲቀረው ቀድመው ዘምተዋል ማለት ነው! የመጀመሪያው ቃኘው ከአዲስ አበባ የተነሳው በሚያዝያ 1943 ነው። ጅቡቲ ላይ መርከብ ተሳፍሮ ፑሳን ወረደ፣ ከአሜሪካኖቹ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰለፈ። በነሱ 1951 መሆኑ ነው። ይሄ በአንድ ደቂቃ የሚስተካከል ነገር ነው።

ከባዱ ስሙ ነው። በወታደር ማስረጃው ላይ የሰፈረው የአያትየው አባት ስም፣ የልጅቷ አባት መታወቂያ ላይ ካለው ጋር አይገናኝም። የመጀመሪያው ተርጓሚ ይህን አይቶ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ትርጉሙ ላይ ስሙን ለውጦ ከመታወቂያው ጋር አስማማው። ሊረዳት አስቦ ይሆናል። ግን ኦሪጅናሉ አብሮ ተያይዞ ይሄዳል እኮ! አማርኛ የሚያነብ አንድ ሰው እዚያ ካለ አለቀላት፤ ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የስም ልዩነት መሆኑ ቀርቶ ፎርጅድ ሆነ።

አለቃዬን ሳማክረው «እኛ ተርጓሚ ነን እንጂ መርማሪ አይደለንም፤ እንዳለ ተርጉመህ ስጣት» አለኝ። ልክ ነው። ግን እንዳለ ብተረጉመው ደግሞ ልጅቷን ከሰውየው ጋር የሚያገናኝ ምንም ነገር የለም።

«ጋሼ፣ ጭናቸው ላይ ነው እኮ ያደግኩት» አለችኝ እንባ እየተናነቃት።

«እሱን አልተጠራጠርኩም። የአያትሽን አባትና እናት የሚያውቅ ሰው በሕይወት አለ?»

«እህታቸው አሉ፤ ደብረ ብርሃን።»

«በይ ይዘሻቸው ነይ።»

እንዲህ ዓይነት ጉዳይ የያዘ ሰው ብዙ ጊዜ ከወታደሩ ጀምሮ ወደ ታች ለመውረድ ይሞክራል። የዘማቾች ዝርዝር ያገላብጣል፣ በኮምፒውተር ስም ይፈልጋል። ስሙ «ኃይለ» ይሁን «ሀይለ» ተብሎ ይመዝገብ ማን ያውቃል? በእንግሊዝኛ ከሆነማ አይወራ፤ «ወልደ ማርያም» ለሁለት ተሰንጥቆ «ማርያም» የአባት ስም ሆና ታገኟታላችሁ። እኔ ከቤት ያሉት ሽማግሌና አሮጊት ይቅደሙ ባይ ነኝ። ሴቶቹ በተለይ። ማን ማንን እንደወለደ፣ ማን የማንን ልጅ እንዳሳደገ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

እማማ መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው። ባልደረባዬ ፎርሙን ዘርግቶ «የወንድምዎ የትውልድ ዘመን?» አላቸው።

«እኔ ምን አውቄ።»

«የትኛው ቃኘው ነበሩ? አንደኛው፣ ሁለተኛው?»

«የጃንሆይ ወታደር ነዋ!»

ተስፋ ቆርጦ ወደ ስክሪኑ ዞረ። ለኛ አሮጊት ዓመተ ምሕረት ምኗ ነው? ወንበሬን ሳብ አደረግኩና «እማማ፣ ኮሪያ ሲሄዱ እርስዎ ተድረው ነበር?» አልኳቸው።

«ኧረ ገና ነኝ! እሱ በሄደ በወሩ ነው የተዳርኩት። ሰርጌን አላየም።»

«ሲመለሱስ?»

«ነፍሰ ጡር ነበርኩ፤ የመጀመሪያዬን።»

ቃኘው በየዓመቱ ገደማ ነበር የሚቀየረው፤ ልክ ገጠመ። «ከክብር ዘበኛ የወጡት ከታኅሣሥ ግርግር በፊት ነው በኋላ?»

«በኋላ ነዋ! በእሱ ጦስ አይደል እንዴ የታሰረው።» ከ1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ የክብር ዘበኛ ወታደር የደረሰበትን ታውቃላችሁ። ሲፈቱ አገር ቤት ገቡ።

«አባታችሁ ማን ይባሉ ነበር?»

የነገሩኝ ስም የመታወቂያው ሆነ። «ታዲያ ይሄኛው ማነው?» ብዬ የወታደር ማስረጃውን አነበብኩላቸው።

«አጎታችን ነዋ! አባታችን ማይጨው ቀረ። እኔን ገና እናቴ በሆዷ ይዛኝ ነበር። ወንድሜን አጎታችን ወስዶ አሳደገው፤ ክብር ዘበኛም በእሱ ስም ገባ። አገሩ ሲመለስ ግን ማን በአጎቱ ስም ይጠራዋል አንተ ልጄ? ሁሉ የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃል።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ባሳደገ ሰው ስም መጠራት እኮ እንግዳ ነገር አይደለም። ሻለቃው ራሱ ስሙን የተዋሰው ከጃንሆይ አባት፣ ከራስ መኮንን የፈረስ ስም አይደል?

ግን ወሬ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። «የሳቸው የሆነ ነገር የለዎትም?» ስላቸው ከጉያቸው አንድ መሐረብ አወጡ። ቋጠሮው አልፈታ ብሎ ልጅቷ በጥርሷ ፈታችው። ውስጡ ፎቶ አለ፤ ዳሩ የተሰነጣጠቀ፣ ስቱዲዮ የተነሱት፣ ካኪያቸው የተተኮሰ፣ ጺም ያላበቀሉ ልጅ እግር። ጀርባው ላይ በእርሳስ «ለእናቴ» ይልና የራሳቸው ስም ከእውነተኛው አባታቸው ጋር ተጽፏል። ሥሩ ላይ ቁጥር አለ። መለያ ቁጥራቸው! ከማስረጃው ጋር አስተያየሁት፤ ያው ነው። ባልደረባዬ «ወይ ጉድ» ብሎ ወንበሩን ይዞ መጣ።

«እስካሁን የት ነበር?» አልኳቸው።

«በደርግ ጊዜ የደበቅኩት ነው፤ ኮሪያ ዘምቷል ማለት ያስፈራ ነበር።» ቢፈሩ አይፈረድባቸውም። ደርግ ቃኘው ከወጋቸው ከሰሜን ኮሪያዎች ጋር ወዳጅ ነበር፤ ትግላችን ሐውልት ራሱ በእነሱ እገዛ ነው የተሠራው።

ከዚያ በኋላ ያለው የተለመደ ምልልስ ነው። ልጅቷ ፍርድ ቤት አመለከተች፣ እማማና ሌሎች ዘመዶች መሰከሩ፣ ፎቶው ቀረበ፣ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸው ተወሰነላት። ትርጉሙን እኔ ሠራሁት። ስሙ በማስረጃው እንዳለ፣ ዓመቱ በሁለቱም አቆጣጠር፣ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ተያይዞ። የዚያ ዓመት ማመልከቻ አልፏት ነበር፤ ለቀጣዩ አስገባች። አለቃዬም ከዚያ ወዲህ የየትኛው አቆጣጠር መሆኑ ያልተጻፈበት ቀን ካየ ማኅተም አልመታም ይላል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ወሬው ዘመድ ዘንድ ደርሶ ነው መሰለኝ፣ የዚያ ያሳደጓቸው አጎት የልጅ ልጅ ቢሮ ድረስ ደወለልኝ። «በወታደር ወረቀቱ መሠረት ሰውየው የአያቴ ልጅ ናቸው፤ ስለዚህ እኛም የኮሪያ ዘማች ቤተሰብ ነን» ይላል። አያትህ ወላጅ አልባ ልጅ አሳድገው ለወግ አብቅተዋል፤ ልትኮራ ይገባል፤ ግን ፍርድ ቤቱ አባትየው ሌላ ሰው መሆናቸውን ወስኗል አልኩት። አልተዋጠለትም። እስካሁን ይደውላል።